ከገጹ ግርጌ

«መስቀሉን ካነሣሽው ደግሞ ገጹ የማን ሊባል ነው?» አሉ አቶ አምሀ። «የማንም አይደለም ይባላል። የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ማንም አያምነውም።»

«እንግዲያው መስቀሉም ይቆይ፣ ሰዎቹም ይቆዩ» አለች ሔርሜላ።

«ከቅድም ጀምሮ አይሆንም የምልሽ እኮ እሱን ነው።»

ከቅዳሴ መልስ የተጀመረው ክርክር የምሳ ሰዓት አልፎም አላለቀም። ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር ከጨርቅ መደብሮች በላይ ባለችው የማኅበሩ ጠባብ አዳራሽ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። መስኮቶቹ ወለል ብለው ቢከፈቱም የሚገባው የአስፋልቱ ግለትና የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ብቻ ነበር። ሔርሜላ የላፕቶፗ ባትሪ ሳያልቅ ነገሩን ለመቋጨት ቸኩላለች። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ አምሀ አልቸኮሉም። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈው፣ ያንኑ ነገር አነጋገሩን እየለወጡ ይደጋግሙታል።

የሚከራከሩት ስለ አንድ ድረ ገጽ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ከኦቦክ ወዲያ ካለው ዳርቻ ሰው ጭና ወደ የመን የተነሣች ጀልባ ተገልብጣ ነበር። ባሕሩ የመለሳቸውን ሬሳዎች የአካባቢው ሰዎች ሲሰበስቡ «ማኅበረ ቀሬናዊ»ም ሰው ልኮ በቀብሩ ረዳ። ማኅበሩን ያቋቋሙት በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ የቀሩ የኦርቶዶክሳውያን ልጆች ናቸው፤ ሥራው የታመመ መጠየቅና ወገን የሌለውን ሬሳ መቅበር ነው። ዳርቻው ላይ ሙቀቱ ፋታ አልሰጠም። አንገቱ ላይ ማተብ የተገኘበትን ማኅበርተኞቹ በአንድ ረድፍ ቀበሩ። ማተብ የሌለውን የአገሬው ሰዎች በእነሱ ሥርዓት በሌላ ረድፍ ቀበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩ የጀመረው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት የማይታወቅ እናቶችና ወንድሞች እየደወሉ ልጄን አይታችኋል ወይ ይላሉ።

ሔርሜላ ለቡላኦስ ሱቆች ድረ ገጽ እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። ለደዋዮቹ በአንደበቷ መመለስ ሲያቅታት በምታውቀው መንገድ ልትመልስላቸው ገጹን ሠራችው። የሬሳ ፎቶ አላስገባችም፤ ልጇን በዚያ መልክ ማየት ያለባት እናት የለችም ብላ። በፎቶው ፈንታ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ትንሽ ሳጥን ሠርታ የሚታወቀውን በአጭሩ ጻፈችበት። ግምት ዕድሜ፣ የለበሰው ልብስ፣ ከአደጋው የተረፈው ጫላ የሚባል ልጅ ጀልባዋ ላይ ሲጠሩበት የሰማው ስም ካለ ስሙ፣ በገላው ላይ ያለ ምልክት። ፊደሉን ዐይን ለደከመው ሰው አጎላችው። ገጠር ባለ አሮጌ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ ቶሎ እንዲከፈት ጌጥ የሚባል ነገር አላስጠጋችበትም። ሁሉንም ያለ ልዩነት ከገጹ ራስ ካለው የማኅበሩ መስቀል ሥር በአንድ ረድፍ ደረደረቻቸው። በሙያዋ እንደዚያ ገጽ ያኮራት ሥራ አልነበረም።

«ስሚኝ» አሉ አቶ አምሀ፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ እዚህ አገር የኖርነው በሰው ፊት ነው። አባቴ ሲሞቱ ሬሳቸውን የተሸከሙት ሙስሊሞች ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ነገ አንዱ ይህን ገጽ ከፍቶ ‹ክርስቲያኖቹ ሙታናችንን መስቀል ሥር ደረደሯቸው› ቢል ምን ብዬ ነው የምመልስለት?»

«የአባትዎን ሬሳ ሲሸከሙ ‹ሰው ምን ይለናል› ብለው ነበር?»

«አባቴን ተያቸው። አባቴን አንቺ አታውቂያቸውም።»

«እሺ የማኅበሩን ስም ያወጡት እርስዎ አይደሉም? ቀሬናዊው ስምዖን መስቀሉን ሲሸከም የማን ወገን ነው ብሎ ጠይቆ ነበር?»

«እሱ ተገዶ ነው የተሸከመው» አሉ አቶ አምሀ። «እኛን ማንም አላስገደደንም።»

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እትዬ አሰፋሽ ሳቅ አመለጣቸውና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ቀሲስ መልአኩም ፈገግ አሉ። የማኅበሩ ንስሐ አባት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተዋል። ሳቁ ነገሩን ስላላላው መሐል መግባት የሚችሉበት ጊዜ አገኙ። ማንም አይሰረዝ፣ ግን ይለይ አሉ። ገጹ ሲከፈት ማተብ የተገኘባቸው ይታዩ። የሌሎቹ ለብቻው በሌላ ገጽ ይሁንና የፈለገ ሰው ነክቶ ይግባበት። አቶ አምሀ ጥቂት አሰቡበትና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሔርሜላም ደክሟት ነበር። ማንም አልተሰረዘም ብላ ተስማማች።

የዚያኑ ቀን ማምሻውን ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ተቀምጣ ሠራችው። ሥራው ቀላል ነበር። ማተብ ያልተገኘባቸውን ሳጥኖች ወደ ሌላ ገጽ አዛወረችና ወደዚያ የሚወስደውን ሊንክ ከዋናው ገጽ ግርጌ፣ ከማኅበሩ አድራሻ በታች አኖረችው። ቃሉ «ሌሎች» የሚል ነበር። ፊደሉን አሳነሰችው፤ ቀለሙንም ግራጫ አደረገችው። አቶ አምሀ ሲያዩት ዐይናቸውን እንዳይወጋው ብላ ነው። ቦታውን ግን ሳታስብ አልመረጠችውም። ባለፈው ዓመት አንድ የስልክ ነጋዴ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጻፊው ግን አይታይ ብሏት ያኖረችው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀለም ነበር። ነጋዴው በጣም ተደስቶባት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሦስተኛው እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አንድ ጎልማሳ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቁመቱ አጭር፣ ክንዱ ወፍራም፣ የግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ነው። የከባድ መኪና ሹፌር መሆኑ ከዚሁ ያስታውቃል። ጀንበሬ እባላለሁ አላት፤ ከሞጆ ወደብ፣ ከወደብ ሞጆ እሠራለሁ፣ አገሬ መርሳ ነው።

«ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥሽ። እናትሽን ይባርክ። እኔ ምን አለኝ፣ ምስጋና ነው እንጂ።»

የእህቱ ልጅ አበቡ በዚያው ሰሞን በደላላ እጅ ከቤት ወጥታ ነበር። ጀልባ ተገለበጠ የሚለው ወሬ መርሳ ሲደርስ እናቷ ተናኘወርቅ መሬት ላይ ተቀምጣ አልነሣ አለች። እሱ ሰው የገጹን ነገር ነገረውና ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ከመኪኖቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አንድም እሷን የሚመስል የለም። ጓደኛውን ጌቾን ደግመህ አንብብልኝ አለው፤ እሱም አነበበው፤ የለችም። ለእህቱ ደውሎ አልፋለች፣ አትሥጊ፣ ስልክ የሌለበት ቤት ገብታ ይሆናል አላት። ተናኘወርቅ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ስለቷንም አስገባች።

ሔርሜላ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች ቆይታለች፤ ወደ ገጹ ገብተው ያገኙት የሚደውሉት ለማልቀስ ነው።

«መቼም ብታያት ታውቂያት ነበር» አለ ጀንበሬ፣ ሊሰናበታት እጁን እየዘረጋ። «ጆሮዋ አንድ ነው። ይሄኛው፣ ግራው፣ ጫፉ የለም። ሕፃን ሆና ወንድምየው ጉትቻዋን ጎትቶ ቀደደው። ጆሮ ቆራጣ እያልን ነበር የምናናድዳት።»

ሔርሜላ እጁን ጨብጣ ቆየች። ስልክ ቁጥሩን ተቀበለችው። ለማንኛውም ላጣራ፣ ነገ እደውልልሃለሁ አለችው። እሱም ለማንኛውም ያለችውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር መርቋት ሄደ።

«የግራ ጆሮ ጫፍ የተቀደደ» ብላ ከ«ሌሎች» ሳጥኖች በአንዱ የጻፈችው ራሷ ናት። ቃሉን የሰጠቻት ጎረቤቷ እማ ኡሙልኸይር ነበረች። ወላጆቿ ከሐረር የመጡ፣ ካርቲየ 2 ውስጥ ሴት ስትሞት ሬሳ አጥቢ ተብላ የምትጠራ ሴት ናት፤ ኦቦክም ሄዳ ከባሕር የወጡትን ሴቶች ያጠበች እሷ ነበረች። ሔርሜላ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እሷ ሄደች። እማ ኡሙልኸይር ደጃፏ ላይ ሩዝ እየለቀመች አገኘቻት።

«ጥቁር አባያ የለበሰችዋን ታስታውሻታለሽ? ጫላ ‹ሐዲጃ ይሏት ነበር› ያላትን?»

«ጆሮዋ የተቀደደባትን?»

ሔርሜላ ከጎኗ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ የክር ምልክት ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማ ኡሙልኸይር ሩዙን ትታ አሰበች። ክር አልነበረም፤ ክር የኖረበት ቦታ ግን ነበር አለች። ዙሪያውን ነጣ ያለ መስመር። የሐብል መስሏት ነበር።

ሴት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ስትወጣ ደላላው ስሟን እንደሚለውጠው፣ ሂጃብ እንደሚያለብሳትና ማተቧን እንደሚያስበጥሳት ጅቡቲ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ሔርሜላ ታውቃለች። አቶ አምሀም ያውቃሉ፤ ትራንዚት ቢሯቸው ድረስ እየመጡ ያለቀሱባቸው አሉ። ዳርቻው ላይ ግን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ማተብ ያለው ክርስቲያን፣ የሌለው ሙስሊም። እንደ ሁልጊዜው።

«እኔ ለሁሉም ነበር የነገርኩሽ» አለች እማ ኡሙልኸይር የሆነውን ስትሰማ። «አንዷን ለዚህ፣ አንዷን ለዚያ ብዬ አልነገርኩሽም።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሔርሜላ በሚኒባስ ፒኬ 12 ወረደች። በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም። ጀንበሬ ከተሳቢው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ከጌቾ ጋር ምሳ እየበላ ነበር፤ ሲያያት እጁን በውሃ አለቅልቆ ተነሣ። ብይ እንጂ፣ ከሹፌር ጋር አይበላም የሚል ሕግ የለም ብሎ ቀለደ። ከዚያ ፊቷን አየ።

ስልኩን ተቀብላ ገጹን ከፈተች። እስከ ግርጌው አወረደችው፤ አድራሻውን አልፋ ግራጫዋን ቃል ነካቻት። ሳጥኑን አገኘችና ስልኩን መለሰችለት። ጀንበሬ ቀስ ብሎ አነበበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«እዚሁ ነበረች?» አለ።

«እዚሁ።»

«እኔ እኮ ገጹን አይቼዋለሁ። ጌቾም አይቶታል።»

«ሰው እንዳያየው አድርጌ ስለሠራሁት ነው።»

ጀንበሬ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የገባው አይመስልም። ሔርሜላ ማኅበሩ ምን እንዳለ፣ እሷ በምን እንደተስማማች፣ ቃሉን ለምን እዚያ እንዳኖረችው በአጭሩ ነገረችው። ጌቾ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ።

«አይታይ ካልሽ» አለ ጀንበሬ፣ «ታዲያ ለምን አስቀመጥሽው?»

«አለ ለማለት።»

ጀንበሬ ተመልሶ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። የተናገረው ስለ ገጹ አልነበረም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መኪናው በነገታው ማታ ተጭኖ ስለሚወጣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ መርሳ ገብቶ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ፣ ማለዳ እህቱ ቤት መግባት አለበት። ከስለቱ በኋላ እንዴት አድርጎ ነው የሚገባው? ባዶ እጁን ሊሄድባት አይችልም። ፍትሐት ተደርጎላታል፣ ስሟም ከወገኖቿ ጋር ተጽፏል የሚል ነገር መያዝ አለበት። ያን ያህል ይዞ ከሄደ ምናልባት እህቱ ይቅር ትለዋለች። ሔርሜላ በማግሥቱ ከሰዓት ማኅበሩ እንደሚሰበሰብ ነገረችውና እንዲመጣ ለመነችው።

መጣ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የዚያን ቀን መብራት ነበር፤ ማራገቢያው ይዞራል። ሔርሜላ ነገሩን ስትናገር አቶ አምሀ መነጽራቸውን አወለቁ። መጨረሻ ላይ ተነሥተው ወደ አግዳሚው ሄዱ፣ ጀንበሬን ትከሻውን ይዘው አለቀሱ። ውሸት አልነበረበትም። እትዬ አሰፋሽም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው አለቀሱ።

ተመልሰው ሲቀመጡ አቶ አምሀ ወደ ሔርሜላ ዞሩ። «ዛሬውኑ ወደ ላይ አውጫት» አሉ። «ስሟን፣ ያገሯን ስም፣ ሁሉንም በደንብ ጻፊው። መስቀል አድርጊባት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ምን ሆኑ?»

«ጋሼ፣ ማተብ ሳይኖራት የእኛ ከሆነች፣ ከሌሎቹ የእኛ ያልሆነውን በምን ለየነው?»

«ለእሷ አጎቷ መሰከረላት።»

«የሌሎቹ አጎት ገጹን ከፍቶ የለችም ብሎ ሄዶ ቢሆንስ? ስለት አስገብተው ቢሆንስ?»

አቶ አምሀ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠርገው አጠለቁ። ከዚያ በፊተኛው ድምፃቸው፣ ያለ ቁጣ፣ የሚያሰጋቸው ያው ነው አሉ። ምናልባት ከሌሎቹም የእኛ ይኖሩ ይሆናል። ይበልጡ ግን የእነሱ ናቸው፤ የሰው ሬሳ ያለ ፈቃድ መስቀል ሥር አይገባም። ሔርሜላ እንግዲያው መስቀሉን ከገጹ ራስ አንሥተን ከማኅበሩ ስም ጎን ትንሽ አድርገን እናኑረው፣ ሟቾቹ ግን በአንድ ይሁኑ አለች። ሰው የሚመጣው ልጁን ፍለጋ ነው፤ የእኛን መልክ ሊያይ አይደለም። እትዬ አሰፋሽ ይህ ጥሩ ነው አሉ። ሌላው ማኅበርተኛ መስቀልን ማሳነስ ምን ማለት ነው ብሎ ተነሣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

ቀሲስ መልአኩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። «ገጹ ይቆየን» አሉ። «መጀመሪያ የልጅቱ ጸሎት። ነገ ቅዳሴ ላይ አስቤያት ፍትሐቱን አደርሳለሁ። የክርስትና ስሟ ማነው?»

ሁሉም ወደ አግዳሚው ዞሩ።

«አባ፣ እኔ አላውቀውም» አለ ጀንበሬ። «አበቡ ነው የምንላት። እናቷ ናት የምታውቀው።»

«ደውልና ጠይቃት።»

ቀሲስ መልአኩ ይህን እንዳሉ የተናገሩት ለራሳቸውም ተሰማቸው። የልጅን የክርስትና ስም ከሩቅ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ የማይገባት እናት የለችም። ጀንበሬ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን እያየ ተቀመጠ።

እትዬ አሰፋሽ እግዚአብሔር በስሟ ያውቃት የለም ወይ፣ አበቡ ተብሎ ይጸለይላት አሉ። ቀሲስ መልአኩ ተቸገሩ። እግዚአብሔርስ ያውቃታል አሉ፤ ግን የተጠመቀችበትን ስም ሳይጠሩ ማድረስ አልለመዱም። ደግሞ ስሟ እስኪመጣ ቢቆይ ምን ይጎዳል? አጎትየው አገር ሲገባ ያመጣዋል። ያኔ በሙሉ ልብ ይደረጋል። አቶ አምሀ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ። እንግዲያው የገጹም ነገር አብሮ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ፤ ስሟ ሲመጣ ሁለቱ አንድ ላይ ይታያሉ። እስከዚያው እንዳለ ይቆይ።

«እንዳለ?» አለች ሔርሜላ።

«እስከዚያው ነው ያልኩሽ።»

ሔርሜላ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበችና ከፈተች። ሥራው ለመለየት ከወሰደባት ጊዜ ይልቅ ረዥም ነበር፤ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ዋናው ገጽ መመለስ፣ ከላይ እስከ ታች ያለ ርእስ መደርደር፣ ግራጫዋን ቃል ማጥፋት። አቶ አምሀ የገጹ ባለቤትነት በስማቸው ስለሆነ ሲያዩት ሊዘጉት ይችላሉ። ዛሬ ማታ ሊያዩት ይችላሉ፤ ከነገ ወዲያ ሊያዩት ይችላሉ። እስከዚያው ግን አንድ ሰው ይከፍተው ይሆናል። ሐዲጃ የሚለው ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። ጀልባዋ ላይ አብረዋት የነበሩት የሚያውቋት በዚህ ስም ነው። ስሙን ሳትነካ ከጎኑ «አበቡ፣ የመርሳ ልጅ» ብላ ጨመረች። የጆሮዋን ነገር እንዳለ ተወችው። ወደሚቀጥለው ሳጥን አለፈች።

ስብሰባው የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ድምፅ ማጉያ ጉዳይ ላይ ደርሷል። ባለፈው ዓመት የተከራዩት ይጮህ ስለነበር ጎረቤት ቅር እንዳይለው አነስ ያለ ይፈለግ የሚል አለ። ቴዎ የሚባለው የመዝሙር ክፍል ኃላፊ ማሳነስ አይቻልም፣ ውጪ የሚቆመው ሕዝብ አይሰማም አለ። አቶ አምሀ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚያመጣው ጠየቁ።

የጀንበሬ ስልክ ጠራ። አውጥቶ አየው። እህቱ ናት።

«ስልካችሁን ዝጉ ብለናል» አሉ አቶ አምሀ፣ ከፊታቸው ካለው ወረቀት ቀና ሳይሉ።

ጀንበሬ ድምፁን አጠፋው። ስልኩ እጁ ላይ እየበራ፣ መዳፉ ውስጥ እየነዘረ፣ እስኪያበቃ ጠበቀ። ከዚያ ተነሣ፤ መኪናው ማታ ይወጣል። ሔርሜላ ቀና አላለችም፤ ገና ግማሹን አልመለሰችም። ቴዎ ድምፅ ማጉያውን ካርቲየ 1 ካለው ዘመዱ ሊዋስ እንደሚችል ይናገር ነበር፤ እትዬ አሰፋሽ ያ ዘመዱ ባለፈው የተዋሳችሁትን ወንበር ሰብራችሁ መለሳችሁ እያለ እንደሚያማቸው ነገሩትና ጥቂት ሳቁ። ጀንበሬ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አደረገ፤ አንደኛው ክር አልታሰር ብሎት ቆየ፤ ክሩን እየረገጠ በደረጃው ወረደ።